ኦይል ሲሉ ተቀይሮም ዘይት የሚያንጠባጥብ የፊት ሾክ፦ ከሦስተኛው ሲል በፊት ቱቦውን ይዳስሱ

ጥያቄ፦ «ባለ 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል አለኝ። ከባሕር ዳር እየተነሳሁ ለሥራ ፎገራ ቀበሌዎች ውስጥ እመላለሳለሁ። የቀኙ የፊት ሾክ ዘይት ያንጠባጥባል፤ የፍሬኑ ዲስክም በዚያው በኩል ነው። በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ኦይል ሲል (ዘይቱን የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት) ተቀየረለት፤ ሁለቱንም ጊዜ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ማፍሰስ ጀመረ። መካኒኩ ‹ገበያ ላይ ያለው ሲል ኮፒ ስለሆነ ነው፣ ወፍራም ዘይት ይሻለዋል› ብሎ የሞተር ዘይት ሞላበት። አሁን ሾኩ ደረቅ፣ አልጨመቅ ባይ ሆኗል፤ መፍሰሱም አልቀረም። ጓደኞቼ ደግሞ ብረቱን የሚበላው የጣና ውሃ ነው ይላሉ፤ ሞተሩን ሐይቁ ዳር ነው የማጥበው። የሚያብረቀርቀው ቱቦ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ። ሙሉ ሾኩን ልቀይር? ወይስ የሚያፈሰውን እግር ብቻ ማሠራት ይበቃል?»

ምላሽ፦ በገለጹት ምልክት ጥፋቱ የሲሉ ሳይሆን የቱቦው ነው። ቱቦው በደንብ ሳይታይ ሦስተኛ ሲል አይግዙ።

ሲል ከተቀየረ በኋላ ዘይቱ መቼ ተመልሶ እንደፈሰሰ ብዙ ነገር ይናገራል። ሲሉ ሲገባ ከንፈሩ ተቆርጦ ወይም ዘሞ ተቀምጦ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን፣ አንዳንዴም ከጋራዥ ሳይወጣ ያፈሳል። ቱቦው ለስላሳ ሆኖ የሲሉ ጥራት ብቻ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ወራት ይቆያል፤ ላስቲኩ እየደረቀ ሲሄድ መጀመሪያ ያልበዋል፣ ቆይቶ ነው የሚያንጠባጥበው። ጥቂት ቀን ደህና ሰንብቶ ድንገት ማፍሰስ፣ ያውም በዚያው እግር ላይ ሁለት ጊዜ በተከታታይ፣ ሲሉን የሚቆርጠው ነገር ቱቦው ላይ ለመኖሩ ምልክት ነው። ያዩአቸው ጥቁር ነጠብጣቦች ይህንኑ ነው የሚያሳዩት።

ሲሉ ቱቦውን የሚያቅፍበት ቀጭን የላስቲክ ከንፈር አለው፤ ከከንፈሩ ጀርባ ደግሞ እንደ ቀለበት የተጠቀለለች ቀጭን ሞላ ትይዘዋለች። ከንፈሩ የሚንሸራተተው ዓይን በማያየው ስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ዝገት ክሮሙን ሰርስሮ ሲወጣ ጉድጓድ ብቻ አይተውም፤ በጉድጓዱ ዙሪያ ሹል ጠርዝ ያነሳል። ጎማው የመንገድ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ያ ጠርዝ ከንፈሩ ላይ ወጥቶ ይወርዳል፤ በአንድ ቀን መንገድ ብቻ ሺህ ጊዜ እንደ ሞረድ ይልገዋል። ምርጡ ኦሪጅናል ሲል ቢገባም ይህን አይችልም። ስለዚህ «ኮፒ ስለሆነ ነው» የሚለው ምክንያት ሌላ ቦታ እውነት ሊሆን ይችላል፣ እርስዎ ዘንድ ግን አይሠራም።

ወፍራም ዘይት የተባለው መድኃኒት ጉዳቱን አባብሶታል። ሾክ የሚያለዝበው ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ ሲያልፍ ነው። እንደ 20ደብሊው-50 ያለ የሞተር ዘይት ለእነዚያ ቀዳዳዎች በጣም ወፍራም ስለሆነ በፍጥነት አያልፍም፤ ሾኩ ደረቀ ያሉት ለዚህ ነው። በተቀደደ ከንፈር በኩል ግን ወፍራሙም ቀጭኑም ያልፋል፤ ልዩነቱ የፍጥነት ብቻ ነው።

ከውፍረቱ የባሰው ብዙ ጊዜ መጠኑ ነው፤ «ሞላበት» ያሉት ቃል ያሳስበኛል። በሾኩ ውስጥ ከዘይቱ በላይ የታሰረ አየር አለ፣ እሱም እንደ ሁለተኛ ሞላ ይሠራል። ከዘይቱ በላይ 180 ሚሊ ሜትር የአየር ክፍተት ቢኖርና ሾኩ 120 ሚሊ ሜትር ቢጨመቅ የሚቀረው 60 ነው፤ የአየሩ ግፊት በግምት 3 እጥፍ ይሆናል። ዘይቱ 40 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ቢሞላ ክፍተቱ 140 ይሆናል፣ ሲጨመቅ የሚቀረው 20፣ ግፊቱም 7 እጥፍ። ውስጡ 26 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ውስጥ ይህ 40 ሚሊ ሜትር ማለት 21 ሚሊ ሊትር ገደማ ዘይት ነው። በዓይን ግምት «ትንሽ ልጨምር» ሲባል የሚፈሰው ያህል ማለት ነው፤ ጤነኛ ሲል የሚገፋ ግፊት ግን ይፈጥራል።

የጣና ውሃም ያለ ጥፋቱ ነው የተወቀሰው። ጣና ጨው የሌለው ሐይቅ ነው፤ እንደ ባሕር ውሃ ብረት አይበላም። ክሮም ራሱ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች አሉት፣ እርጥበት በእነዚያ ሰርጎ ከስር ያለውን ብረት ያገኘዋል። የሚጎዳው እርጥበቱ ሳይደርቅ መቆየቱ ነው። የፎገራ ጥቁር አፈር ደግሞ ይህን ሥራ በደንብ ይሠራል፦ በክረምት ቱቦው ላይ ይለጠፋል፣ በአቧራ ሲሉ (ከኦይል ሲሉ በላይ ያለው ጭቃ የሚከለክል ላስቲክ) ጠርዝ ዙሪያ ቀለበት ሠርቶ ይቀመጣል፣ ውሃ ይዞ ያድራል፣ ሲደርቅም እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ከንፈሩን ይፍቃል። ላቫጆ ቤት ኃይለኛውን የውሃ ፓምፕ በቅርብ ርቀት ሲሉ ላይ ማነጣጠርም እንዲሁ ጭቃውንና ውሃውን ወደ ውስጥ ይነዳዋል። ሐይቁ ዳር ማጠቡን ግን በሌላ ምክንያት ያቁሙ፤ የሚያንጠባጥብ ዘይት ያለበት ሞተር ጣና ዳር መታጠብ የለበትም።

አሁን ወደ ምርመራው። መጀመሪያ የሚፈሰው ከየት እንደሆነ ይለዩ። እግሩን ከላይ እስከ ታች በሳሙና አጥበው ያድርቁ፤ የፊት ፍሬኑን ይዘው መሪውን ወደ ታች ሃያ ጊዜ ያህል በኃይል ይጫኑ። ቱቦው ላይ ጣትን የሚያወዛ ያህል ስስ ቅባት ቢታይ ጤና ነው፣ እንዲያውም መኖር አለበት። ከአቧራ ሲሉ በላይ የዘይት ቀለበት ከተሠራ ወይም ከወረደ የሚያፈሰው ኦይል ሲሉ ነው። እርጥበቱ ከእግሩ ጫፍ ከታች ከሆነ የታችኛው ቡሎን የመዳብ ሮንዴላ ሊሆን ይችላል፣ ከላይ ከክዳኑ ከሆነ የክዳኑ ቀለበት ላስቲክ። በእነዚህ ሁለቱ ምክንያት በከንቱ ሲል ሲቀይሩ የከረሙ ሰዎች አሉ።

በመቀጠል ሲሉ የሚመላለስበትን ርቀት ይወቁ። ቀጭን የገንዘብ ላስቲክ ቱቦው ላይ አስረው ከአቧራ ሲሉ ጋር ያስጠጉትና የተለመደ መንገድዎን አንድ ጊዜ ሄደው ይመለሱ። ላስቲኩ ተገፍቶ የቆመበት ቦታ ከፍተኛው ጫፍ ነው። ከዚያ በላይ ያለ ነጠብጣብ ቢያስጠላም ዘይት አያስወጣም። ከዚያ በታች ያለውን ቱቦ በቤንዚን በነከረ ጨርቅ ወልውለው በጥፍርዎ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያም ዙሪያውን ይዳስሱት። ጥፍር የሚይዘው ነገር ሁሉ ሲል ይቆርጣል። ጥፍርዎን ካላመኑ የተበጠሰ ጥጥ ይዘው ይሳቡበት፤ ጥጡ ቃጫ ትቶ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ሹል ጠርዝ አለ። በእርሳስ ወይም በማርከር ይክበቡት።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ ሾካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያፈሰሰ፣ ቱቦው ላይም ጥፍር የሚይዝ ነገር የሌለ ከሆነ ሲል ከመግዛታቸው በፊት ያለውን ማጽዳት አለባቸው። ብዙ ሲል የሚያፈሰው ተበልቶ ሳይሆን ከከንፈሩ ስር አንድ የአሸዋ ቅንጣት ገብቶ ነው። ጫፉ በቴፕ በተሸፈነ ቀጭን ካቻቢቴ የአቧራ ሲሉን ወደ ላይ አንስተው ከስሩ ያለውን ጭቃ ያጥባሉ። ከዚያ አሮጌ የራጅ ፊልም በመቀስ ሁለት ጣት ስፋት አድርገው ይቆርጡና አንዱን ጫፍ ትንሽ ሜንጦ ያወጡለታል። ሜንጦው ወደ ውስጥ እንዲገባ በቱቦውና በኦይል ሲሉ መካከል ሰክተው ዙሪያውን አንድ ጊዜ እያዞሩ ወደ ላይ ይስቡታል። ፊልሙ ጥቁር ዝቃጭ ይዞ ከወጣ ሠርቷል። ጠርዙ የሾለ ብረት፣ ምላጭ ወይም መርፌ ግን ፈጽሞ አይግባበት። ሾኩን ደጋግመው ጨምቀው ከወለወሉት በኋላ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ካላፈሰሰ ሲሉ ደህና ነው፤ የዘይቱን መጠን ግን ማስተካከል ይቀራል። ለእርስዎ ይህ አይበቃም።

የተጎዳ ቱቦ አማራጮቹ ጥቂት ናቸው። ጉዳቱ አንድ ሁለት ከአሸዋ ቅንጣት ያልበለጡ ነጥቦች ከሆነ፣ ጠርዛቸውን በዘይት በራሰ 600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በ1000፣ በመጨረሻ በ2000 ማለስለስ ይቻላል። እጅዎ ቱቦውን በዙሪያው ይሂድ፤ ከላይ ወደ ታች ከተፋቀ ጭረቱ ራሱ ለዘይቱ መውጫ ቦይ ይሆናል። ጉድጓዱን በመርፌ ጫፍ ከዝገት አጽድተው፣ ቅባቱን በአልኮል አውጥተው፣ ሁለቱ ተደባልቀው በሚጠነክሩት የብረት ኢፖክሲ ሞልተው፣ 24 ሰዓት ካደረ በኋላ ከቱቦው ጋር እኩል ያለስልሱት። ይህ ጊዜ መግዣ ነው፤ የክረምት ጭቃን ለዘለቄታው አይችልም። ነጥቦቹ ከሰሊጥ ፍሬ የሚተልቁ ወይም ተሰባስበው ያሉ ከሆነ ቱቦው ይቀየር።

ሦስት ነገሮችን ግን ማንም ቢመክርዎ እምቢ ይበሉ። ቱቦውን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ ክሮሙን አውጥቶ ውፍረቱን ይቀንሳል፤ ሲሉ ይላላል፣ የተላጠው ብረትም በሳምንታት ውስጥ ይዝጋል። ለጌጥ የሚቀባ ክሮምም አይሆንም፤ የሾክ ክሮም ወፍራምና ጠንካራ ሆኖ ከተቀባ በኋላ በልኩ የሚሞረድ ነው። ቱቦውን አዙሮ ጉድጓዱን ወደ ኋላ ማድረግ ደግሞ ትርጉም የለውም፤ ሲል ቱቦውን ዙሪያውን ያቅፋል፣ ፊትና ኋላ አያውቅም።

ቱቦ ሲገዙ አዲስም ሆነ ያገለገለ ቀጥ ማለቱን ያረጋግጡ። ቀላሉ መንገድ በወፍራም መስታወት ላይ ማንከባለል ነው፤ ከስሩ ብርሃን እየተከፈተ እየተዘጋ ከታየ ጠሟል። ቶርኖ ቤት ሰዓት በሚመስለው ባለ መርፌ መለኪያ (ዳያል ጌጅ) ካስለኩት፣ ብዙ የጃፓን አምራቾች የሚፈቅዱት ጥመት እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥመቱ ደግሞ መርፌዋ ከምታሳየው ግማሹ ነው። የጠመመን ቱቦ በመዶሻም በፕሬስም ማቃናት በሕይወት መቀለድ ነው፤ አንዴ የታጠፈ ብረት ጉድጓድ ሲያገኝ የት እንደሚሰበር አይታወቅም። እግረ መንገድዎን ጎማውን ከመሬት አንስተው የሾኩን የታችኛ ጫፍ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነቅንቁት። የመሪው ኩሽኔታ ጥብቅ ሆኖ ሳለ ቱቦው በአልሙኒየሙ እግር ውስጥ የሚንኳኳ ከሆነ እግሩ ተበልቷል፤ በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ውስጡ የሚቀየር ቡሽ (ቱቦው የሚንሸራተትበት ቀለበት) የለውም። የላላ ቱቦ ሲሉን ወደ ጎን እየገፋ ይበላዋል። ሙሉ እግሩን መቀየር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ምክሬ ይህ ነው፦ የቀኙን ቱቦ ይቀይሩ፤ ሲልና ዘይት ግን በሁለቱም እግሮች ላይ ይቀየር። የግራው ቱቦ ጥፍር የማይዝ ከሆነ ይቆይ። ሙሉ ሾክ መግዛት የሚያዋጣው የእግሩ ውስጥም ከተበላ ወይም ለሞተርዎ ቱቦ ለብቻው የማይሸጥ ከሆነ ነው። በግራው እግር ያለው ዘይት በአንድ ዓይነት፣ በቀኙ በሌላ ዓይነትና መጠን ከሆነ አንዱ ይደክማል፣ ሌላው ይደርቃል፤ ፍሬን ሲያዝም መሪው ይሳባል።

ሞተሩን ከመፍታትዎ በፊት ሁለት ኦይል ሲል፣ ሁለት የአቧራ ሲል፣ ለታችኞቹ ቡሎኖች ሁለት የመዳብ ሮንዴላ፣ የክዳኖቹን ቀለበት ላስቲኮችና አንድ ሊትር የሾክ ዘይት ይያዙ። በሲሉ ፊት ላይ እንደ «31 43 10.3» ያሉ ቁጥሮች ይነበባሉ፤ የመጀመሪያው የቱቦው ውፍረት፣ ሁለተኛው ሲሉ የሚቀመጥበት ጎጆ ስፋት፣ ሦስተኛው የሲሉ ቁመት ነው፣ ሁሉም በሚሊ ሜትር። በሞተሩ ስም ብቻ አይግዙ፤ ቱቦዎን በመለኪያ ካሊፐር ለክተው ቁጥሩን ያመሳክሩ። ሲሉን በጣትዎ ሲጫኑት ለስላሳ ሆኖ ወዲያው ይመለስ፤ የውስጧ ሞላም በቦታዋ ትኑር። ከመደርደሪያ ላይ ዓመታት የቆየ ሲል ከንፈሩ ይደርቃል፣ ሲታጠፍ ጥቃቅን ስንጥቅ ያሳያል።

ሲፈታ ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። ጎማው መሬት ላይ እንዳለ የላይኛውን የሾክ ማሰሪያ ቡሎን ያላሉ፤ ማሰሪያው ክዳኑን ጨምቆ ስለሚይዘው ይህ ሳይቀድም ክዳኑ ሲፈታ ጥርሱ ይበላል። ከዚያ ክዳኑን ግማሽ ዙር ብቻ ያላሉት፣ አያውጡት። የታችኛውን ባለ አለን ራስ ቡሎንም ሞላው ውስጥ እንዳለ አሁኑኑ ያስለቅቁት፤ ሞላው የውስጡን የዳምፐር ዘንግ ጨቁኖ ስለሚይዝ አይዞርም። በኋላ የሚፈቱት ከሆነ ቡሎኑ ከዘንጉ ጋር አብሮ ይዞራል። ያ ከደረሰ የመጥረጊያ እንጨት ጫፉን ጠርበው በቱቦው ውስጥ ወደ ታች በኃይል ሰክተው ዘንጉን ይያዙት።

አሁን ሞተሩን በሞተር ብሎኩ ስር በእንጨት ወይም በክሪክ ደግፈው ጎማውን ያውጡ፤ ድጋፉ ጭስ ማውጫው ላይ አይረፍ። የፍሬኑን ካሊፐር (ሸራዎቹን የሚይዘውን ክፍል) በሽቦ ያንጠልጥሉት፤ በፍሬን ዘይት ላስቲኩ አይንጠልጠል። በሁለቱ የፍሬን ሸራዎች መካከል ስስ እንጨት ያስገቡ፣ ማንም መያዣውን ሳያውቅ ቢጨምቀው ፒስተኑ እንዳይወጣ። ክዳኑን ጨርሰው ሲፈቱ ሞላው ይገፋዋል፤ ፊትዎን ከላዩ ያርቁና በጨርቅ ተጭነው ይፍቱት።

ዘይቱን በጀሪካን ይቀበሉት። የወጣውን መጠን ለመሙላት አይመኑበት፤ ግማሹ ቀድሞ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ በእርስዎ ሞተር ደግሞ ተጨምሮበታል። ቦይ ውስጥም አይድፉት፤ የባሕር ዳር ቦይ መጨረሻው ሐይቁ ወይም ዓባይ ነው። ጣና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው፤ ከዚያ ውሃ ዓሣ እንበላለን።

የአቧራ ሲሉን አንስተው ከስሩ ያለውን የሽቦ ቀለበት በቀጭን ካቻቢቴ ያውጡ። ዝጎ ከተያዘ ነጭ ጋዝ ጠብ አድርገው ያቆዩት። ሲሉ ከእግሩ አልወጣ ካለ እሳት አይጠቀሙ፤ እግሩን በጨርቅ ጠቅልለው የፈላ ውሃ ያፍስሱበት። አልሙኒየም ከብረት ይልቅ ስለሚሰፋ ሲሉ ይላላል። ሲያወጡት ማንሻው በእግሩ ጠርዝ ላይ በቀጥታ አይደገፍ፤ ቁራጭ እንጨት ያስገቡበት። የሲሉ ጎጆ አንዴ ከተጫረ አዲሱ ሲል በውጪ ጎኑ ያፈሳል፤ ይህን ደግሞ ምንም ቱቦ መቀየር አያድነውም። ከዚያ ሁሉንም ክፍል በነጭ ጋዝ አጥበው ባልተበጣጠሰ ጨርቅ ያድርቁ። የእግሩን ታች በጣት ይዳስሱ፤ እዚያ የተቀመጠ ግራጫ ዝቃጭ ካልወጣ አዲሱን ዘይት በአንድ ቀን ያቆሽሸዋል።

በብዙ ሰው እጅ ሲል የሚሞተው ሲገባ ነው። የቱቦው ጫፍ ስለታም ነው፤ ከላይ በስስ ፌስታል ሸፍነው ፌስታሉንም ሲሉንም በሾክ ዘይት ካራሱ በኋላ ነው ሲሉ የሚንሸራተተው። ቁጥሩ የተጻፈበት ፊት ወደ ላይ፣ ሞላዋ የምትታይበት ክፍት ፊት ወደ ታች ወደ ዘይቱ ይሁን። ሲሉ በመጀመሪያ ወደ እግሩ የሚገባባቸው ሞተሮችም አሉ፤ ያኔም አቅጣጫው ያው ነው፣ ፌስታሉም ይለበሳል። ለመምቻ ቱቦውን የሚያሳልፍ፣ በሲሉ ጎጆ ውስጥ ግን የሚገባ የፒቪሲ ቧንቧ ቁራጭ ይፈልጉ፤ አሮጌውን ሲል በአዲሱ ላይ አስቀምጠው በእሱ ላይ ይምቱ። በየምቱ ዙሪያውን ይመልከቱ፤ በአንድ በኩል ከገባ ወዲያው ያቅኑት። የሽቦ ቀለበቱ የሚቀመጥበት ቦይ ሙሉ በሙሉ እስኪታይ ሲሉ ይውረድ፤ ቦዩ በከፊል ብቻ ታይቶ ቀለበቱ በግድ ከገባ አንድ ቀን ሾኩ ሲጨመቅ ሲሉን ይዞት ይወጣል።

የታችኛውን ቡሎን በአዲስ መዳብ ሮንዴላ ሎክታይት (ቡሎን እንዳይላላ የሚይዝ ማጣበቂያ) ቀብተው ያጥብቁት፤ ለ8 ሚሊ ሜትር ቡሎን በቶርክ ቁልፍ 20 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) አካባቢ ይበቃል። በጉልበት ከጠበቀ የአልሙኒየም ጥርስ ይነቀላል።

ዘይቱ 10ደብሊው (10W የሚል የውፍረት ቁጥር ያለው) የሾክ ዘይት ይሁን፣ መመሪያው ሌላ ካላዘዘ በስተቀር። ካጡ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይተካዋል፤ ውፍረቱ ይቀራረባል፣ በድሮ የጃፓን ሞተሮች መመሪያ ውስጥም ታዝዞ ነበር። የፍሬን ዘይት ግን የሲሉን ላስቲክ አሳብጦ ያበላሸዋል። በዚህ መጠን ባሉ ሞተሮች ለአንድ እግር የሚገባው ብዙውን ጊዜ ከ130 እስከ 250 ሚሊ ሊትር ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ከሞተሩ መመሪያ ይወሰድ። የህፃን ጡጦ ሚሊ ሊትር ስላለው ጥሩ መለኪያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ለዚህ ሥራ ብቻ ይቀመጥ። ሞላው ሳይገባ ዘይቱን ጨምረው ቱቦውን አሥር ጊዜ ያህል ቀስ ብለው ከፍ ዝቅ ያድርጉት፣ የታሰረው አየር ይውጣ። ከዚያ ሾኩን እስከ መጨረሻው ጨምቀው ቀጥ አድርገው ያቁሙትና ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ይለኩ። ሁለቱ እግሮች ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ አይለያዩ። ትርፉን በስሪንጅ ይሳቡ።

ሲገጠም ሁለቱ ቱቦዎች በላይኛው ማሰሪያ እኩል ቁመት ይኑራቸው። ማሰሪያዎቹን ካጠበቁ በኋላ የጎማውን ፐርኖ (በመሃሉ የሚያልፈውን ዘንግ) ዳዶ ያጥብቁ፤ የፐርኖውን ማጣበቂያ ቡሎን ግን ለጊዜው ልል አድርገው ይተዉት። ሞተሩን መሬት አውርደው መሪውን ብዙ ጊዜ ይጫኑ፤ እግሮቹ ራሳቸው ትይዩ ሆነው ይቀመጣሉ። ያኔ ማጣበቂያውን ያጥብቁ። ይህ ከተዘለለ አንዱ እግር ሁልጊዜ ወደ ጎን ተስቦ ይሠራል፣ የዚያ እግር ሲልም ቀድሞ ያልቃል።

አሁን ስለ ፍሬኑ። ዲስኩ በሚያፈሰው በኩል ስለሆነ ሸራዎቹን አውጥተው ይመልከቱ፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ይጣል። በእሳት ማቃጠል ላይ ላዩን ያደርቀዋል፣ ሲሞቅ ግን ዘይቱ ከውስጥ ተመልሶ ይወጣል። ዲስኩን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበው በአልኮል ይወልውሉት። ጥገናው እስኪደርስ ድረስ ዘይቱ ወደ ዲስኩ የሚወርድ ከሆነ ሞተሩን አይንዱ፤ አስፋልት ላይ የፊት ፍሬን በድንገት ሲከዳ ለመታረም ጊዜ አይሰጥም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ቱቦው ከላይ፣ ወፍራሙ እግር ከታች ለሆነ ተራ ሾክ ነው። ተገልብጦ የተሠራ ወይም ውስጡ ካርትሪጅ ያለው ሾክ ልዩ መፍቻና ሌላ አካሄድ ስላለው ለሚያውቀው ይሰጥ።

ከጥገናው በኋላ በአቧራ ሲሉ ስር ስስ ግራሶ ይቀቡ። በጭቃ በዋሉ ቁጥር ቱቦውን ጭቃው ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ወልውለው በዘይት በነካ ጨርቅ ይጨርሱ። ላስቲክ መከላከያ ልብስ ካለበሱት ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ከፍተው ያጽዱት፤ ውስጡ የገባ ውሃ ሳይታይ ቱቦውን ያዝገዋልና። ሞተሩ በአይሱዙ ወይም በጀልባ ሲጫን ሾኩ እስከ መጨረሻው ተጨቁኖ በገመድ አይታሰር። የመጀመሪያዎቹን 50 ኪሎ ሜትር በእርጋታ ነድተው ቱቦውን ይመልከቱ፤ ሲገጠም የተቀባው ዘይት አንድ ጊዜ ቀለበት ሊሠራ ይችላል፣ ይጥረጉት። ከተጠረገ በኋላ ተመልሶ ከመጣ ሲሉ ሲገባ ተጎድቷል ማለት ነው፤ ያኔ የሚፈታው ያ አንዱ እግር ብቻ ነው።